የሕዝብ ወኪል ለማን ዋስ ይሆናል?

በአገራችን ልማድ ዋስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ተከሶ «ዋስ ጥራ» በተባለ ጊዜ ዐይኑ የሚያማትረው ሀብት ወዳለው ሰው ብቻ ሳይሆን፤ ቃሉ በአደባባይ ወደሚታመንለት ሰው ነው። ያ ሰው ተነሥቶ «እኔ አለሁ» ሲል፤ ስለ ሌላ ሰው የነገ ጠባይ ዛሬ ምስክርነት መስጠቱ ነው። ዋስ የጠራው ሰው በቀጠሮው ቀን ቢቀርብ ዋሱ ይመሰገናል፤ ቢጠፋ ግን የሚንኳኳው የጠፊው ደጅ ሳይሆን የዋሱ ደጅ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ዋስ ከመሆናቸው አስቀድሞ የሰውየውን ሥራና ትውልድ ይጠይቁ ነበር፤ ከቤተ ሰባቸውም ጋራ ይማከሩ ነበር፤ ዕዳው በመጣ ጊዜ ከበረት የሚወጣው በሬ የልጆቻቸውም በሬ መሆኑን ያውቁ ነበርና።

የሕዝብ ወኪል የሆነ ሰው ስለ አንድ የሥልጣን ተወዳዳሪ «ይህ ሰው ይገባዋል፤ ይህን ደግፉ» ብሎ በአደባባይ ሲናገር የሚያደርገው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። እርሱም ዋስ መሆኑ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ይኸውም በመያዣነት የሚያቀርበው የገዛ በሬውን ሳይሆን፤ የላኩት ሰዎች በእርሱ ላይ ያሳደሩትን እምነት መሆኑ ነው። እንግዲህ የላኩት ሰዎች በድጋፉ ቢቈጡ፤ ቍጣቸው ተገቢ ነውን? ወኪሉስ በኅሊናው ፈርዶ በተናገረው ቃል ሊጸና ይገባዋልን፤ ወይስ የሕዝቡን ድምፅ ሰምቶ ቃሉን ሊያጥፍ? ይህ ጥያቄ በሥልጣን ላይ ያለውን ሹም፤ ልጆችን የሚያስተምረውን መምህርና ነገ ድምፁን የሚሰጠውን ተማሪ ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው አስበናል።

ለምርመራችን መነሻ የመረጥነው የዋግን ደጋ ነው። ምክንያቱም ከኢትዮጵያ አውራጃዎች መካከል «ዘውዱ ለማን ይገባል?» የሚለው ጥያቄ እንደ ዋግ ደጋግሞ ደጁን የመታው አገር ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

ዋግ ከላስታ በስተሰሜን እስከ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። ሕዝቡ ከአማርኛ ጋራ ኽምጣኛ የሚናገር የአገው ወገን ሲሆን፤ ዋና ከተማው ሰቆጣ ነው። በሰቆጣ አጠገብ ያለው ከዐለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም የአገሩን የክርስትናና የመንግሥት ጥንታዊነት ይመሰክራል። በትውፊት እንደሚነገረው፤ በ1262 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከዛጔ ነገሥታት ወደ ዐፄ ይኵኖ አምላክ ሲመለስ፤ ነገሩን በቃል ኪዳን ያስታረቁት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ዘውዱን ለለቀቀው ቤት ልጆችም ዋግ ርስት ሆኖ ቀረላቸው። የዋግ ሹሞችም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በክብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስጐሰም መብት እንደ ነበራቸው ይነገራል። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዘውዱ መተላለፍ ከቃል ኪዳን ይልቅ ጦርነትን ያነሣሉ። ይሁን እንጂ ትውፊቱ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። በትውፊቱ ዐይን ስናየው፤ የዋግ ሹምነት የተወለደው አንድ የተከበረ ሰው ከሁለት ባለ መብቶች ለአንደኛው ዋስ በመሆኑ ነው፤ ለተሸነፈውም ቤት ክብሩ ስለ ተጠበቀለት፤ ቍጣው ወደ ቂም ሳይለወጥ ቀረ።

ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣው ታሪክ ግን እንዲህ በሰላም አልተፈጸመም። ዋግ ሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደሉ። ልጃቸው ጎበዜም ሸፈቱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካለፉም በኋላ በ1860 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በአገሩ ጳጳስ አልነበረም፤ አቡነ ሰላማ አስቀድመው ዐርፈው ነበርና። ዛሬ «ድጋፍ» የምንለው ነገር በዚያን ዘመን ከሁሉ በላይ የሚታየው በጳጳስ እጅ በሚፈስሰው የቅብዐት ዘይት ስለ ነበረ፤ የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ንግሥ ዋስ የጐደለው ንግሥ ሆነ። በትግራይ የነበሩት ደጃዝማች ካሳ ምርጫ የእኅታቸው ባል ለሆኑት ለንጉሡ አልገብርም አሉ። ከእንግሊዝ ጦር መድፍና ጠመንጃ አግኝተው ነበር፤ ከግብጽም አቡነ አትናቴዎስን አስመጥተው ነበር። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በአሰም በተደረገው ጦርነት በቍጥር እጅግ የሚበልጠው የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት ተሸነፈ። ንጉሡም ተማርከው በእስር ሞቱ። በጥር 1864 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስ በአክሱም ካሳን ዮሐንስ ብለው ቀቡ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ከሁለቱ መሳፍንት ማን ይበልጥ ነበር ለማለት አይደለም። ልንጠይቀው የምንሻ ስለ ሌላ ሰው ነው። ከጌታው ጋራ ጋሻውን አንሥቶ ከሰቆጣ ደጋ እስከ ዐድዋ ሜዳ የወረደው የዋግ ገበሬ፤ «ጌታህ ይነግሥ ዘንድ ትወዳለህን?» ተብሎ ተጠይቆ ነበርን? አልተጠየቀም። ዋስ የሆኑት ታላላቆቹ ነበሩ፤ ዕዳውን የከፈለው ግን እርሱ ነው። በሰው በሬ ዋስ መሆን ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዋግ አልፎ መላውን አገር የሚመለከት ነው። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ ማድረጋቸውን በዐዋጅ አስታወቁ። ዐዋጁም በመሐላና በውግዘት የታሠረ ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ዘመኑ ተለወጠ፤ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ለመሻር በተሰበሰቡ ጊዜ ትልቁ ችግር የጦር ማነስ አልነበረም፤ የመሐላው ነገር ነበር። አቡነ ማቴዎስም ከመሐላው ፈቷቸው። በወሩ፤ በጥቅምት 17 ቀን፤ በሰገሌ ሜዳ የሸዋና የወሎ ሠራዊት ተጋጥሞ ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ፤ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በዚያ ዐዋጅ ላይ የነበረው ጕድለት ድጋፍ መሰጠቱ አልነበረም፤ ወሰን የሌለው ድጋፍ መሆኑ ነበር። «እንዲህ እስካደረገ ድረስ» የሚል ልክ አልተደረገለትም። ልክ የሌለው ቃል ደግሞ ሊጠበቅ ያልተቻለ ቀን በቀስታ የሚላላ አይደለም፤ እንደ ተወጠረ ገመድ በአንድ ጊዜ ይበጠሳል፤ ሲበጠስም በአጠገቡ የቆመውን ሁሉ ይገርፋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ ሰቆጣ ይመልሰናል። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከመኳንንቱ ብዙዎች «አገሩ ተይዟል፤ ምን ይደረጋል?» ብለው ገብተው ነበር። ከዋግ ሹሞች ወገን የሆኑት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ግን በዋግ ተነሥተው ተዋጉ፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ወደቁ። ራሳቸውም ተቈርጦ ሕዝብ እንዲፈራ ለእይታ ቀረበ። እኚህ ሰው ነጻነቷን ለተገፈፈች አገር ዋስ ሆኑ። ያሲያዙት ግን የሌላውን በሬ አልነበረም፤ የገዛ ራሳቸውን ነው። ብዙኃኑ መኳንንት ወዲያ ሲሄድ ሰው በኅሊናው ፈርዶ ወዲህ መቆም እንደሚችል፤ መቆሙንም የሚያስከብረው ዋጋውን ራሱ መክፈሉ እንደ ሆነ ከእርሳቸው እንማራለን።

ከነዚህ ከሦስቱ ታሪኮች በኋላ የሕግ መጽሐፍ ብንገልጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዋስትና ሲደነግግ፤ ዋስትና በግምት አይያዝም፤ በግልጽ መነገር አለበት ይላል። ከተዋዋሉበትም ልክ ሊያልፍ አይችልም። ከዚህም በላይ ዋሱ እስከ ስንት ድረስ እንደሚጠየቅ መጠኑ ካልተነገረ ዋስትናው አይጸናም። ሕግ ዐዋቂዎቹ ይህን የጻፉት ስለ ገንዘብ ዕዳ ነው። እኛ ግን ስለ ሥልጣን ለሚሰጥ ድጋፍም ከዚህ የተሻለ የግብረ ገብ ደንብ አላገኘንም። ድጋፍ ግልጽ ይሁን፤ ምክንያቱ ይነገር፤ ልኩም ይታወቅ።

ይህ ነገር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይመለከተናል። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ይህም ማለት የሰቆጣ መራጭ የአገሩን መሪ በቀጥታ አይመርጥም፤ መሪውን የሚመርጥለትን ሰው ይልካል። ስለዚህ በእኛ አገር የተወካዩ ድጋፍ ምክር ብቻ አይደለም፤ መንግሥትን የሚያቆም ድምፅ ነው። ሕገ መንግሥቱም በ54ኛው አንቀጽ ተወካዩ ለሦስት ነገሮች ተገዥ መሆኑን ይናገራል፤ ለሕገ መንግሥቱ፤ ለሕዝቡና ለኅሊናው። በዚያው አንቀጽ ደግሞ የመረጠው ሕዝብ እምነት ያጣበት ተወካይ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ተጽፏል። ሕዝቡና ኅሊናው የተስማሙ እንደ ሆነ ችግር የለም። የተጣሉ እንደ ሆነስ? ሕጉ ሁለቱን ጐን ለጐን አኑሮ ፍርዱን ለሰውየው ትቶታል።

በመጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ይህ ጥያቄ በሥራ ታይቶ ነበር። 180 አባላት የነበሩት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀ መንበሩን ለመምረጥ በተሰበሰበ ጊዜ፤ የዋግ ኽምራ ዞን የሚገኝበትን የአማራ ክልል ይመራ የነበረው ድርጅት ሊቀ መንበር አቶ ደመቀ መኮንን ከዕጩነት ራሳቸውን አገለሉ፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድም በ108 ድምፅ ተመረጡ። በዚያን ሰሞን ብዙ ሰው ይህን መልካም ሥራ ብሎ አመሰገነው። በኋላ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ሰሜኑ በጦርነት ሲታመስ፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የዋግ ሰው ከነልጆቹ ተፈናቅሎ ሲሰደድ፤ ያንኑ ሥራ መለስ ብለው የወቀሱ አልታጡም። እኛ እዚህ ላይ ምስጋናውንም ወቀሳውንም ልንመዝን አልተነሣንም። የምንለው፤ ስብሰባው በዝግ የተደረገ ስለ ነበረ ሕዝቡ ውጤቱን እንጂ ክርክሩን አልሰማም ነው። ክርክሩን ያልሰማ ሰው ሲያመሰግንም ሲወቅስም የሚፈርደው በኋላ በደረሰው ነገር ብቻ ነው። ይህም ለመሪውም ለተመሪውም አይበጅም።

በሌላው ዓለም የተደረገውን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይብራራልናል። ኤድመንድ በርክ የተባለው የእንግሊዝ ፓርላማ አባል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1774 ዓ.ም. የብሪስቶል መራጮቹን ሰብስቦ፤ ተወካይ ለመራጮቹ የሚገባው ትጋቱ ብቻ ሳይሆን የገዛ ፍርዱም መሆኑን፤ ፍርዱን ለእነርሱ አስተያየት ቢሠዋ እንደ ከዳቸው እንደሚቈጠር አስረዳቸው። በዚህም አሳብ ጸና። በ1780 ዓ.ም. ግን ብሪስቶል ፊቷን አዞረችበት፤ እርሱም ከውድድሩ ወጣ። በርክ ኅሊናውን ጠበቀ፤ ብሪስቶልም መብቷን ጠበቀች። ማንም ማንንም አልገደለም።

ከዚህ የሚከብደው ግን የአሜሪካው የሚስተር ጆን ሉዊስ ጕዳይ ነው። በዚያ አገር ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ዕጩ የሚለዩት በየክፍለ ግዛቱ ሕዝቡን አስቀድመው ድምፅ በማሰጠት ሲሆን፤ ይህም ቅድመ ምርጫ ይባላል። ሚስተር ሉዊስ ከጆርጂያ፤ ከአትላንታ ከተማ፤ የተመረጡ የምክር ቤት አባል ነበሩ። በወጣትነታቸው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መጋቢት 1965 ዓ.ም.፤ ጥቍሮች ድምፅ የመስጠት መብት እንዲያገኙ በሰልማ ከተማ ሰልፍ ሲመሩ በዱላ ተመትተው ራሳቸው ተፈንክቶ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ለረጅም ጊዜ ወዳጃቸው ለነበሩት ለወይዘሮ ሂላሪ ክሊንተን ድጋፋቸውን ሰጡ። በየካቲት 2008 በተደረገው ቅድመ ምርጫ ግን የገዛ መራጮቻቸው በከፍተኛ ብልጫ ባራክ ኦባማን መረጡ። በሚስተር ሉዊስ ላይም ቍጣ ተነሣ፤ መቀመጫቸውን ለመውሰድ የሚወዳደሩ ሰዎች ተነሡባቸው። እርሳቸው በፓርቲው ጉባኤ ላይ በቅድመ ምርጫው ውጤት ሳይታሰሩ ለወደዱት ድምፅ ሊሰጡ ከሚችሉት ልዑካን አንዱ ነበሩ፤ ደንቡ አያስገድዳቸውም ነበር። ቢሆንም ያ ወር ሳያልቅ ቃላቸውን አጥፈው ወደ ኦባማ ዞሩ። በዚያው ዓመት ሁለት ተወዳዳሪዎች ቢገጥሟቸውም መራጮቻቸው መልሰው መረጧቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስም አገለገሉ።

ይህን የሰማ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው፤ «ወንበሩን ፈርቶ ወዳጁን ከዳ» ይላል። ሁለተኛው፤ «የሕዝቡን ቃል ሰማ» ይላል። በሰው ልብ ውስጥ ያለውን መርምሮ የሚያውቅ ፈጣሪ ስለ ሆነ፤ እኛ በሥራው ብቻ እንፈርዳለን። ለሰው ድምፅ ደሙን ያፈሰሰ ሰው፤ ያ ድምፅ ከእርሱ አሳብ ተለይቶ ሲመጣ «አልሰማም» ቢል የደከመበትን ሁሉ ባፈረሰ ነበር። ስለዚህ መመለሳቸው ተገቢ ነበር እንላለን። ጕድለት ካለ የሚገኘው በመመለሳቸው ሳይሆን፤ ሕዝቡ ገና ሳይናገር ዋስ ለመሆን በመቸኰላቸው ነው። የወዳጅነት ዋስትና ለወዳጅ ይገባል፤ በሕዝብ ስም ግን አይሰጥም።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የሕዝብ ወኪል ድጋፉን ከመስጠቱ በፊት የላኩትን ይጠይቅ። ሲሰጥ «ስለዚህና ስለዚህ ምክንያት፤ እስከዚህ ድረስ» ብሎ ይስጥ። ሕዝቡ የተቃወመው እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር፤ ጕዳዩ የምርጫ ጕዳይ ከሆነ፤ ይኸውም ሁለት የሚገባቸው ሰዎች ቀርበው የሚበልጠውን መለየት ብቻ ከሆነ፤ ሕዝቡን ይስማ፤ እምነቱ የእነርሱ ነውና። ጕዳዩ የኅሊና ጕዳይ ከሆነ፤ ይኸውም ግፍን ግፍ አይደለም ብሎ የመመስከር ያህል ከሆነ፤ ብቻውን ቢቀር እንኳ ይጽና። ነገር ግን እንደ በርክ ወንበሩን፤ እንደ ደጃዝማች ኃይሉም ከዚያ የሚበልጠውን፤ ከራሱ ይክፈል። ወንበሩንም ኅሊናውንም አንድ ላይ ልያዝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኅሊናውን ያጣል።

«ሁለቱን ጕዳዮች በምን እንለያቸዋለን?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ግትር ሰው ግትርነቱን ሁሉ ኅሊና ብሎ ይጠራዋልና። መለያው ዋጋው በማን ላይ እንደሚወድቅ መመልከት ነው። አንድ ሰው «ኅሊናዬ ነው» ብሎ የያዘው አቋም ዕዳው ሁልጊዜ በሌሎች ላይ የሚወድቅ፤ ጥቅሙ ግን ለእርሱ የሚቀር ከሆነ፤ ያ ኅሊና አይደለም። በአሰም ሜዳ የወደቀው የዋግ ገበሬ ይህን መለኪያ በደሙ ጽፎልናል።

ከወኪሉ ይልቅ የሚረሳው ግን የሕዝቡ ፋንታ ነው። ዋስ የከዳው ሰው ዋሱን የመጠየቅ መብት አለው፤ ቍጣውም የተገባ ነው። ሆኖም ዋስትና ልክ እንዳለው ሁሉ ቍጣም ልክ አለው። ሕጉ ከዋሱ የሚያስከፍለው የተዋሰበትን ያህል ነው እንጂ፤ ልጁን፤ ዘመዱንና የተወለደበትን አገር አይደለም። የድጋፍ ዕዳ የሚከፈለው በጥያቄ፤ በወቀሳና በመጨረሻም በምርጫ ካርድ ነው። «ይህን ሰው ስለ ደገፈ ከወገን አይደለም» ብሎ ስሙን ማጥፋት፤ ቤተ ሰቡን ማስፈራራት፤ ጐረቤቱን በእርሱ ዐይን ማየት፤ ዘመኑን ወደ ኋላ መልሶ አባት ስለ ሞተ ልጅ የሚሸፍትበትን፤ ልጅ ስለ ነገሠ ገበሬ የሚያልቅበትን ወራት መጥራት ነው። የአትላንታና የብሪስቶል ሰዎች ከእኛ አባቶች የሚለዩት ባለመቈጣታቸው አይደለም። ቍጣቸውን የሚያኖሩበት ሣጥን ስለ ነበራቸው ነው።

ያ ሣጥን ዛሬ ለእኛም በሕግ ተሰጥቶናል፤ አጠቃቀሙን መማር ግን የእያንዳንዳችን ሥራ ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ የክፍል አለቃ ሲያስመርጥ፤ እጅ ከማስነሣቱ በፊት የሚደግፈውን ሁሉ «ስለምን?» ብሎ ይጠይቀው። ተማሪውም የደገፈው ጓደኛ ባጠፋ ጊዜ «እኔ ነበርሁ የደገፍሁት» ብሎ መነሣትን ይልመድ። ሹሙም ስለ ሌላ ሰው በሕዝብ ፊት አፉን ከመክፈቱ አስቀድሞ፤ አባቶቻችን ዋስ ሊሆኑ ሲሉ ያደርጉት እንደ ነበረው፤ ወደ ቤቱ ገብቶ ከባለ ቤቶቹ ጋራ ይማከር። በረቱ ውስጥ የቆመው በሬ የእርሱ ብቻ አይደለምና።